የእጥበት ታማሚ ውጤቱ «ጥሩ ነው» ሲባል ምን በልቶ ነው?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

ስለ ኩላሊት እጥበት ስትጽፉ አነባለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ወሬው ስለ ገንዘቡ ነው። ልክ ናችሁ፣ ገንዘቡ ወገብ ይቆርጣል። የታማሚ ፎቶ ለጥፎ፣ ድምፅ ማጉያ ጭኖ እርዳታ የሚለምን መኪና ያላየ አዲስ አበቤ የለም። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። እጥበቱ ተከፍሎ፣ ማሽኑም ሠርቶ፣ የደም ምርመራውም «ጥሩ ነው» ተብሎ፣ ሰውየው ግን ከውስጥ ማለቅ ይችላል። አይቻለሁና ነው።

ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ጉልበቱን የጨረሰው ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። የደም ግፊቱ ሳይታወቅ ኖሮ ኖሮ ኩላሊቱን ይዞበት ሄደ። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ይታጠባል። ሐኪሙ «ሦስት ቀን ቢሆን» ይላል፤ ኪሳችን ደግሞ «ሁለቱም በዝቷል» ይላል። እኔ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የላብራቶሪ ወረቀት ሲመጣ ተቀብዬ ደብተር ላይ የማሰፍረው እኔ ነኝ። ልጆቻችን «እማዬ ኦዲት ጀመረች» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

አምና ክረምት ላይ ደብተሩ ደስ የሚል ነገር ማሳየት ጀመረ። ፖታሲየም 4.1። ፎስፈረስ 2.8። ዩሪያው ከወር ወደ ወር ወረደ። 11 የነበረው ክሬአቲኒን ቀስ በቀስ 7 ገባ። ተረኛው ባለሙያ ወረቀቱን አየና «አባባ፣ ጎበዝ ነዎት! ምግብዎን ጠብቀዋል» አለው። የምን መጠበቅ! ሰውየው ምግብ ትቷል። ጠዋት ሻይ በቁራሽ ዳቦ፣ ቀን ሦስት አራት ጉርሻ፣ ማታ «በቃኝ»። ስለምነው «አፌን ብረት ብረት ይለኛል» ይለኛል።

ጤነኛ ሰው ወይም ኩላሊቱ ገና የሚሠራ ሰው ክሬአቲኒኑ ሲወርድ እሰየው ነው። እጥበት ላይ ላለ ሰው ግን ነገሩ ይገለበጣል። ክሬአቲኒን በዋናነት የሚመነጨው ከጡንቻ ነው፤ ከሚበላው ሥጋም ትንሽ ይገባበታል። ኩላሊቱ ቆሟል፣ እጥበቱም ያው ሁለት ቀን ነው። ታዲያ ቁጥሩ ከ11 ወደ 7 በምን ተአምር ይወርዳል? ጡንቻው ሲያልቅ ነዋ! የአሜሪካው ብሔራዊ የኩላሊት ፋውንዴሽን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ባወጣው የአመጋገብ መመሪያ፣ ከእጥበት በፊት ክሬአቲኒኑ ከ10 ገደማ በታች የሆነ ታማሚ የምግብ እጥረትና የጡንቻ መመናመን እንዳለበት ይፈተሽ ብሏል። ከ10 በታች! እኛ 7 ላይ እልል ስንል ነበር።

ዩሪያም እንዲሁ ነው። ዩሪያ የፕሮቲን ጥራጊ ነው። ብዙ የበላ ብዙ ይኖረዋል፤ ያልበላ ምን ይኖረዋል? ከፍ ሲል እጥበቱ አልበቃም ማለት ሊሆን ይችላል። በጣም ዝቅ ሲል ደግሞ ሰውየው ጾሙን እያደረ ሊሆን ይችላል። ፎስፈረስም ከምግብ ነው የሚመጣው። 2.8 ማለት ለእጥበት ታማሚ ከተለመደው ዒላማ፣ ከ3.5 እስከ 5.5 ካለው፣ በታች ነው። እርግጥ ሽንቱ ገና በደንብ የሚወርድለት ታማሚ ቁጥሮቹ ዝቅ ሊሉለት ይችላሉ። የኔው ሰው ግን ሽንቱ ከቆመ ቆይቷል።

በነገራችን ላይ፣ ወረቀት የምታመሳክሩ ሰዎች ካላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። አንዳንዱ ላብራቶሪ «ዩሪያ» ብሎ ይጽፋል፣ አንዳንዱ «ቢዩኤን» ብሎ ይጽፋል። አንድ አይደሉም፤ ቢዩኤን በዩሪያው ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ብቻ ነው። በሚሊግራም ሲለኩ ዩሪያው ከቢዩኤኑ በ2.14 እጥፍ ይበልጣል። ላብራቶሪ ቀይራችሁ «ዩሪያው በግማሽ ወረደ» ብላችሁ እንዳትጨፍሩ።

ሚዛኑስ? ሚዛኑም አላሳበቀም። ከእጥበት በኋላ 62 ኪሎ፣ ሁልጊዜ 62 ኪሎ። ደረቅ ክብደት የሚሉት ይህን ነው፤ ትርፍ ውኃው ተመጥጦ ሲያልቅ የሚቀረው ክብደት። ነገር ግን ሰውየው ሥጋውን ሲያጣ ቦታውን ውኃ እየተካው ከሆነ፣ ያ «ደረቅ» የተባለው 62 ደረቅ አይደለም። ግፊቱ አልወርድ ማለቱ፣ ማታ ማታ እግሩ ካልሲው ላይ መስመር መሥራቱ ይህን ሲነግረን ነበር። በሰውነት ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ደግሞ ደሙን ስለሚያቀጥነው የፕሮቲኑን ቁጥርም ዝቅ ያደርገዋል።

ነገሩን ያነቃችው አንዲት ሲስተር ናት። መርፌ ልትወጋው ክንዱን ስትይዝ የእጅ ሰዓቱ ከእጅ አንጓው ተንሸራቶ ክርኑ ጋ ደረሰ። ያ ሰዓት ድሮ ሥጋው ውስጥ እየገባ መስመር ይሠራበት ነበር። ሰዓቱን አወለቀችና እጁን ገልብጣ አየችው። አውራ ጣቱንና ጠቋሚ ጣቱን አገጣጥም አለችው። ጤነኛ ሰው እንዲህ ሲያደርግ በሁለቱ ጣቶች መሃል ያለው ሥጋ ጉብ ይላል። የሱ ጉድጓድ ሠራ። ቀጥላ ከዓይኑ ጎን፣ ከቅንድቡ ጫፍ አለፍ ብሎ ያለውን ቦታ በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። እዚያም ጎድጉዷል። «ጋሼ፣ የውኃ ጠርሙስ ክዳን ራስዎ ይከፍታሉ?» አለችው። ዝም አለ። ተሳቢ ሲነዳ የኖረ ሰው እኮ ነው።

«አልቡሚን ታዞለት ያውቃል?» ብላ ወደኔ ዞረች። ደብተሬን አገላበጥኩ። የለም። እኛ በምንታጠብበት ቦታ በየወሩ በሚታዘዘው ጥቅል ውስጥ ፖታሲየም አለ፣ ዩሪያና ክሬአቲኒን አለ፣ ፎስፈረስና ካልሲየም አለ፣ ሂሞግሎቢን አለ። አልቡሚን የለም። ሌላ ቦታ ከፍለን አሠራን። 3.1 መጣ። የጤነኛ ሰው ከ3.5 እስከ 5 ነው። የእጥበት ታማሚ ወደ 4 ቢጠጋ ይመረጣል።

አልቡሚን ጉበት የሚሠራው የደም ፕሮቲን ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ሎውሪና ሉ የተባሉ አሜሪካውያን ከ12,000 በላይ የእጥበት ታማሚዎችን መረጃ አገላብጠው ነበር። በመደበኛነት ከሚሠሩት የደም ምርመራዎች ውስጥ ከሞት አደጋ ጋር አጥብቆ የተያያዘው አልቡሚን ሆኖ አገኙት። ከዚያ በኋላ ዓለም ሁሉ «አልቡሚን ማለት አመጋገብ ማለት ነው» ወደሚለው ሄደ። እኔም 3.1 ስል የሰማኝ ጎረቤት ሁሉ «አልበላማ! በይ አብይው» አለኝ።

ግን ነገሩ እንዲያ ቀላል አይደለም። ሐኪሙ ወረቀቱን ሲያይ መጀመሪያ ያዘዘው እንቁላል ሳይሆን ሲአርፒ የሚባል ምርመራ ነው። ሲአርፒ በሰውነት ውስጥ ብግነት ወይም ኢንፌክሽን ሲኖር ከፍ የሚል ነገር ነው። ሰውነት ሲቆጣ ጉበት ሲአርፒን በብዛት ይሠራና የአልቡሚን ሥራውን ይቀንሳል። ስለዚህ ሰውየው ጮማ ሲቆርጥ ቢውል እንኳ የተደበቀ ኢንፌክሽን ካለበት አልቡሚኑ ይወርዳል። የኛው ሲአርፒ ከፍ ብሎ መጣ። ያኔ የሚታጠበው አንገቱ ላይ በገባ ቱቦ ነበር፤ እዚያ ላይ ኢንፌክሽን ተገኘ። ትኩሳት እንኳ አልነበረውም። ምግብ የዘጋበትም በከፊል ይኸው ነበር። በመድኃኒት ታከመ፣ ቱቦው ወጣ፣ ኋላም ክንዱ ላይ ፊስቱላ፣ ማለትም የእጥበቱ መርፌ የሚሰካበት የደም ሥሮች መገጣጠሚያ፣ ተሠራለት።

ስለዚህ «አልቡሚን ይሠራ» ስል «አልቡሚን ብቻውን ይፍረድ» ማለቴ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ዓለም አቀፉ የኩላሊት ሥነ ምግብ ማኅበር ባለሙያዎች ይህን መመናመን ለመለየት አራት መስኮች አስቀምጠዋል። አንዱ የደም ምርመራ ነው፤ አልቡሚን ከ3.8 በታች፣ ፕሪአልቡሚን የሚባለው ሌላ የደም ፕሮቲን ከ30 በታች፣ ኮሌስትሮል ከ100 በታች የመሳሰሉት። ሌላው የሰውነት ክብደትና ስብ ነው፤ ለምሳሌ በሦስት ወር ውስጥ ከክብደቱ 5 በመቶ መቀነስ። ሦስተኛው ጡንቻ ነው። አራተኛው ሰውየው የሚበላው መጠን ነው። ከአራቱ ቢያንስ በሦስቱ ችግር ሲታይ ነው ተመናምኗል የሚባለው። የላብራቶሪ ወረቀት እንግዲህ ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት ሦስቱ ሚዛን፣ እጅና ጥያቄ ናቸው። «ትናንት ምን በላህ?» ብሎ መጠየቅ የላብራቶሪ ኬሚካል አይፈልግም።

ስለ ላብራቶሪው ሌላም ግርምት አለኝ። አንድ ሰሞን በሁለት ላብራቶሪ አሠርተን አንዱ 3.2፣ ሌላው 3.7 አለን። ሰውየው በቀናት ውስጥ አልወፈረም። ጠይቄ እንደገባኝ አልቡሚን የሚለካው በማቅለሚያ ነው። አረንጓዴው ብሮሞክሬሶልና ወይን ጠጁ ብሮሞክሬሶል የሚባሉ አሉ። አረንጓዴው ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ልዩነቱ በዴሲሊትር ግማሽ ግራም ገደማ ሊደርስ ይችላል። ቅድም የጠቀስኩት 3.8 የተቀመጠውም በአረንጓዴው ልኬት ነው። ወረቀቱ ላይ ግን በየትኛው እንደተለካ አይጻፍም። በሒሳብ ሥራ እንዲህ ያለ ሰነድ ተመላሽ ይደረግ ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ላብራቶሪ ማሠራት።

ደሙ የሚቀዳበት ሰዓትም ወሳኝ ነው። አንድ ቀን ወረፋ በዝቶ ናሙናው እጥበቱ ካለቀ በኋላ ተወሰደ። ውጤቱ አማላይ ነበር! ዩሪያው ታጥቦ ወጥቷል፤ ውኃው ስለተመጠጠ አልቡሚኑ ተከማችቶ ከፍ ብሏል። ለማነጻጸር የሚሆነው ከእጥበት በፊት የሚቀዳው ነው። በኋላ የሚቀዳውም ሥራ አለው፤ የዚያ ሥራው ግን ሌላ ነው።

ያንን ሥራውን ሳውቅ ነው ሙያዬ ትዝ ያለኝ። እጥበቱ ሲያበቃ ያለውን ዩሪያ ትይዛላችሁ። ቀጣዩ እጥበት ሊጀመር ሲል ያለውን ደግሞ ትይዛላችሁ። ያው የመክፈቻና የመዝጊያ ሒሳብ ነው። በመሃል የጨመረው ዩሪያ የመጣው ከፕሮቲን ነው። ከዚያ ተነስቶ ሰውየው በቀን በኪሎ ስንት ግራም ፕሮቲን እንደተጠቀመ ይሰላል። ለዚህ አዲስ ማሽን አያስፈልግም፤ ሁለት የዩሪያ ምርመራና ቀመሩን የሚያውቅ ባለሙያ በቂ ነው። ቀመሩ በሳምንት ሁለት ቀን ለሚታጠብና ሦስት ቀን ለሚታጠብ ይለያያል፤ ሽንት ካለም በሽንቱ የሚወጣው ይደመራል። አንድ ማጭበርበሪያም አለው። ሰውየው ታሞ የገዛ ሥጋውን እያነደደ ከሆነም ዩሪያው ይጨምራል፤ ሒሳቡ ግን «በልቷል» ይላል። ለዚህ ነው ከሲአርፒው ጋር ጎን ለጎን የሚነበበው።

አሁን ወደ ወጥ ቤቱ ልምጣ። ኩላሊቱ ገና እየደከመ ሳለ፣ ማሽን ሳይጀምር፣ «ፕሮቲን ቀንስ» ተባለ። ልክ ነበር። እጥበት ሲጀመር ግን ትእዛዙ ይገለበጣል፤ ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረንም። ዘመድ ጠያቂው ሁሉ «ሥጋ ለኩላሊት መርዝ ነው» እንዳለ ቀጠለ። ሽሮና ምስሩ «ፎስፈረስ አለው» ተብሎ ተከለከለ። ሙዝና ቲማቲሙ በፖታሲየም ተያዘ። ምን ቀረ? ሻይና ዳቦ።

እውነታው ይኸው ነው። አንድ የማሽን እጥበት በራሱ ከ6 እስከ 12 ግራም የሚሆን አሚኖ አሲድ ከደም ይዞ ይወጣል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ማሽኑ በገባ ቁጥር አንድ ሁለት እንቁላል ይበላል በሉት። እጥበት ላይ ያለ ሰው በቀን በኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ለ60 ኪሎ ሰው ከ60 እስከ 72 ግራም መሆኑ ነው። በሻይና በዳቦ ይህን ለማግኘት መሞከር ዘበት ነው። ሽሮውም ቢሆን እንደሚወራው አይደለም። በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ሰውነት ውስጥ የሚገባው ከሥጋውና ከወተቱ ባነሰ መጠን ነው። ፋብሪካ የሚጨምረው ፎስፌት ግን አብዛኛው ይገባል። ጥቁሩን ለስላሳ እየሰጡ ሽሮ መከልከል ምን ይሉታል?

ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። «እጾማለሁ» አለ። የንስሐ አባቱ ቤት ድረስ መጥተው «አንተ ሕመምተኛ ነህ፤ ይህ መድኃኒትህ ነው፤ ብላ» አሉት። እሺ አለ፤ እሳቸው ሲወጡ ሳህኑን ገፋ። ተከራክረን ተከራክረን በእንቁላል ነጭ ታረቅን። ነጩ ጥሩ ፕሮቲን አለው፣ ፎስፈረሱ ደግሞ ከቁጥር አይገባም። በሽንኩርት ጠበስ አድርጌ፣ በርበሬውን ቀንሼ፣ ጨው ሳልነካው እሰጠዋለሁ። «ይሄ እንኳን እንቁላል አይደለም፣ የእንቁላል ጥላ ነው» ብሎ ያማርራል። ግን ይበላል። ድንቹንም ልጬ፣ ከታትፌ፣ በብዙ ውኃ ቀቅዬ ውኃውን እደፋዋለሁ፤ ፖታሲየሙ እንዲቀንስ።

የአልቡሚን ነገር ትዕግሥት ይጠይቃል። ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ግማሹ በአዲስ የሚተካበት ጊዜ፣ 20 ቀን ገደማ ስለሆነ ዛሬ በልቶ ነገ አይነሳም። ኢንፌክሽኑ ከታከመ፣ ምግቡም ከተስተካከለ በኋላ ከ3.1 ወደ 3.4፣ ቆይቶ ወደ 3.6 ወጣ፤ በዚያው ላብራቶሪ። ክሬአቲኒኑ ወደ 9 ሲመለስ ተረኛው «ጨመረኮ!» ብሎ ደነገጠ። ደረቅ ክብደቱንም መጀመሪያ ዝቅ አድርገው ውኃውን አወጡለት፤ ኋላ ላይ በሥጋው ልክ ከፍ አደረጉለት። ፕሪአልቡሚን የሚባለው በሁለት ሦስት ቀን ለውጥ የሚያሳየው ምርመራም ነበር፤ በምንመላለስባቸው ላብራቶሪዎች ጠይቄ አላገኘሁትም። አሲድ መብዛቱም ጡንቻ ያስበላል ብለው አሲዱን የሚያመዛዝነውን ባይካርቦኔት ለክተው ነበር፤ እሱ እንኳ ደህና ነበር።

እንግዲህ ጋዜጣችሁ እንዲጠይቅልኝ የምፈልገው ይህን ነው። አልቡሚን በእጥበት ማዕከላት ወርኃዊ ጥቅል ውስጥ ለምን አይገባም? በየወሩ ቢከብድ በየሦስት ወሩስ? ውጤቱ ወርዶ ሲገኝስ ሲአርፒ አብሮ እንዲታይ የሚያዝ አሠራር አለ ወይ? የሥነ ምግብ ባለሙያ በየጊዜው አልጋ ለአልጋ እየዞረ እጅ ቢያይ፣ «ምን በላህ» ቢል ምን ይከለክላል? ወረቀቱስ ለቤተሰብ ኮፒ የማይሰጠው ለምንድን ነው? እኔ በየጊዜው ለምኜ ነው የማገኘው።

ለበጎ አድራጊዎችም አንድ ቃል አለኝ። እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ብዙ ሰው በእናንተ ነው የቆመው። ግን ስታዋጡ የምትቆጥሩት «የስንት እጥበት» ብቻ ነው። እጥበቱን ለመክፈል ምግቡን የሚቀንስ ቤተሰብ አውቃለሁ፤ አጠገባችን ባለው አልጋ ላይ የሚታጠብ ወጣት ቁርስ ሳይበላ ነው የሚመጣው። ከእጥበቱ ጋር አንድ ትሪ እንቁላል ቢታሰብስ?

ደብዳቤዬን ለምታነቡ ደግሞ አደራ። እዚህ የጻፍኩት እጥበት ለጀመረ ሰው ነው። ኩላሊቱ ደክሞ ገና ማሽን ያልጀመረ ዘመድ ያላችሁ «እንቁላል ጥሩ ነው ተብሏል» ብላችሁ እንዳትጭኑበት፤ የሱ ልኬት ሌላ ነው፤ ሐኪሙን ጠይቁ። እጥበት ላይ ላለውም ቢሆን ፖታሲየሙና ፎስፈረሱ እየታየ ነው የሚጨመረው።

የእጥበት ታማሚ ባለቤት፤ ስሜ ይቆይልኝ
ከአዲስ አበባ፣ ጉለሌ